«ያፈሳል» ከማለት በፊት፦ በቱርቦ ዙሪያ ስለሚታይ የዘይትና የማቀዝቀዣ ፈሳሽ መውጣት አጠራር የቀረበ ሂስ

የሙያ ቃላትን የሚያሰባስብና የሚሰይም ሁሉ በመጀመሪያ የሚጠይቀው «ይህ ዕቃ ምን ይባላል?» ብሎ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ነገር ግን በቂ አይደለም። የዕቃውን ስም ዐውቆ ዕቃው ሲታመም የሚያሳየውን ምልክት መናገር ያልቻለ ሰው፣ የብልቶቹን ስም ሁሉ በቃሉ ይዞ «ሆዴን ያመኛል» ማለትን ገና እንዳልተማረ ሕፃን ይቈጠራል። በቴክኒክ ቃላት ዝርዝሮቻችን ላይ የምናቀርበው ሂስ የሚነሣው ከዚህ ነው። ዝርዝሮቹ በብዛት በስም የበለጸጉ፣ በግሥ ግን የደኸዩ ናቸው። የብልሽት ምርመራ ደግሞ ከሁሉ አስቀድሞ የግሥ ሥራ ነው።

ለሂሳችን መመርመሪያ ይሆን ዘንድ አንድ ጠባብ ጉዳይ መርጠናል፤ ይኸውም በመኪና ቱርቦ ዙሪያ ዘይት ወይም የማቀዝቀዣ ፈሳሽ ወጥቶ ሲታይ ምን እንደሚባልና፣ ያ የተባለው ነገር ምን እንደሚያስከትል ነው። የምንመለከትበትም ስፍራ አሰላና የአርሲ ደጋ ነው።

አርሲን የመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም። በስዊድን መንግሥት ርዳታ የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት፣ በተለመደው አጠራሩ ካዱ፣ እ.ኤ.አ. በ1967 በዚያ ከተቋቋመ ወዲህ ሞተር ለአካባቢው ገበሬ እንግዳ መሆኑ ቀርቷል። ዛሬም ትራክተሩ፣ የስንዴ ማጨጃው ኮምባይነርና ከኢተያ፣ ከሁሩታ፣ ከበቆጂ እህል የሚያወርደው የጭነት መኪና የኑሮ መሠረት ናቸው። ከአዳማ ወደ አሰላ የሚመጣ መኪና በ75 ኪሎ ሜትር ገደማ ጕዞ ውስጥ ከ1,700 ሜትር ገደማ ተነሥቶ ወደ 2,430 ሜትር ገደማ ይወጣል፤ በቆጂ ሲደርስ ደግሞ 2,800 ሜትር አካባቢ ላይ ነው። በአሰላ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ላይ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። አየሩ ሲሳሳ ቱርቦ የሌለው ሞተር ጕልበቱ ይቀንሳል፤ ቱርቦ ያለው ሞተር ግን የጐደለውን አየር ለማካካስ ቱርቦውን ይበልጥ ያሽከረክረዋል። ስለዚህ የቱርቦ ሸክም ከቈላው ይልቅ በደጋው ይከብዳል፤ ስለ ቱርቦ ሕመም በትክክል መናገርም በዚያው መጠን ያስፈልጋል።

ወደ ቃላቱ ከመግባታችን በፊት የነገሩን አሠራር በአጭሩ መግለጽ ይገባናል። «ቱርቦ» ከላቲን የመጣ ቃል ሲሆን እሽክርክሪት ማለት ነው፤ ስሙም ግብሩን ይናገራል። ከሞተሩ የሚወጣው የጋለ ጢስ አንዱን መዘውር ያሽከረክራል፤ ይህ መዘውር በአንድ ዘንግ ከሁለተኛው መዘውር ጋር የተያያዘ ስለሆነ፣ ሁለተኛው ንጹሕ አየር እየሳበና እያመቀ ወደ ሞተሩ ይልካል። ዘንጉ በደቂቃ ከ100,000 ዙር በላይ ሊሽከረከር ይችላል። ይህን ሁሉ የሚችለው በኩሽኔታው ውስጥ በስስ የዘይት ንጣፍ ላይ ተንሳፎ ስለሚዞር ነው። ዘይቱ በቀጭን ቱቦ በግፊት ይገባል፤ ሲመለስ ግን የሚገፋው ኀይል የለም፤ በሰፊው ቱቦ በራሱ ክብደት ቍልቍል ወርዶ ወደ ሞተሩ የዘይት ማጠራቀሚያ ይገባል። በብዙ ሞተሮች ላይም የማቀዝቀዣው ፈሳሽ በኩሽኔታው ቤት ዙሪያ ያልፋል። እንግዲህ አበው ከሚቈጥሯቸው አራቱ ባሕርያት እሳት፣ ነፋስና ውሃ ሰው በሁለት እጁ ሊያቅፈው በሚችል ቦታ ይገናኛሉ፤ ዘይቱንም ከመሬት የወጣ ነውና ብንቈጥረው አራቱም ተሟሉ። በእንዲህ ያለ ቦታ የሚታይ ርጥበት ሁሉ አንድ ስም ሊኖረው አይችልም።

ሆኖም በተለመደው ንግግር ሁሉም አንድ ስም አለው፤ «ቱርቦው ያፈሳል» ይባላል። የመጀመሪያው ሂሳችን በዚህ ግሥ ላይ ነው። «አፈሰሰ» የ«ፈሰሰ» አድራጊ ነው። «ዘይቱ ይፈሳል» ስንል የአረፍተ ነገሩ ባለቤት ዘይቱ ነው፤ «ቱርቦው ያፈሳል» ስንል ግን ባለቤቱ ቱርቦው ይሆናል፤ ከባለቤትነቱም ጋር ጥፋቱን እናሸክመዋለን። ሰዋስው ሳናስበው ፍርድ ሰጠ ማለት ነው። «ጣራው ያፈሳል» በምንልበት ጊዜ እንኳ ውሃው የሚንጠባጠብበት ቦታና ቀዳዳው ያለበት ቦታ አንድ እንዳልሆኑ፣ በክረምት ከሥር ድስት የደቀነ ሁሉ ያውቀዋል። ዝናቡ በአንዱ ማዕዘን ገብቶ በወራጁ ላይ ተጕዞ በሌላው ማዕዘን ይወርዳል። በሞተር ላይም ነገሩ እንዲሁ ነው፤ እንዲያውም የማራገቢያው ነፋስና የመንገዱ ፍጥነት ዘይቱን ወደ ኋላና ወደ ጎን ስለሚነዱት ይብሳል።

የፍርዱን ዋጋ ለማየት አንድ ምሳሌ እናቅርብ። የጭነት መኪና ባለቤት የሆነ ሰው ቱርቦው በዘይት ተለውሶ፣ ማርሚታውም ሰማያዊ ጢስ እየለቀቀ ወደ ጋራዥ መጣ እንበል። «ቱርቦው ያፈሳል» ተባለ። የሚያፈስ ዕቃ ይለወጣልና ቱርቦው ተለወጠ፤ ባለቤቱም ከእህል ጭነት ያጠራቀመውን ገንዘብ ከፈለ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ አዲሱ ቱርቦ እንደ አሮጌው በዘይት ተለወሰ። ለምን ቢባል፣ ጥፋቱ ከመጀመሪያውም ከአራቱ በአንዱ ነበር፦ ከቱርቦው በላይ ያለው የሞተር ክዳን ጋስኬት ዘይት እየለቀቀ ቱርቦው ላይ ይወርድ ነበር፤ ወይም የዘይት መመለሻው ቱቦ በከሰለ ዘይት ጠቦ ዘይቱ መውረጃ አጥቷል፤ ወይም የፒስተኑ ፋሻ አልቆ አለዚያም የሞተሩ መተንፈሻ ተደፍኖ በሞተሩ ሆድ ውስጥ የታመቀው ግፊት ዘይቱ እንዳይመለስ ከልክሎታል፤ ወይም በመኸር አቧራ የታፈነው የአየር ፊልትሮ መሳቡን አክብዶ ዘይቱን በአየር መግቢያው በኩል ጎትቶ አውጥቶታል። በአራቱም ላይ ቱርቦው የሕመሙ መታያ እንጂ ምንጩ አልነበረም። መካኒኩ የእጅ ሙያ ጐድሎት ላይሆን ይችላል፤ የተቀበለው ቃል ግን መርምሮ ሳይሆን ፈርዶ የጀመረ ቃል ነበር።

ሁለተኛው ሂሳችን «ማሸጊያ» በሚለው ቃል ላይ ነው። በቱርቦው ዘንግ ጫፎች ላይ ዘይቱን የሚያግደውን ክፍል በዚህ ስም መጥራት ቀላል ነው፤ ነገር ግን ቃሉ የማይፈጸም ተስፋ ይሰጣል። የታሸገ ነገር የተዘጋ ነው፤ ሰሚውም በዘንጉ ላይ እንደ ጠርሙስ ክዳን ጥብቅ ያለ ላስቲክ ያለ ይመስለዋል። በዚያ ሙቀትና በዚያ ፍጥነት ላስቲክ አይቈይም። በዘንጉ ላይ ያለው የተሰነጠቀ ቀለበት ነው፤ ከፒስተን ፋሻ ጋር አንድ ዐይነት ሥራ ያለው ሲሆን፣ ዘይቱን የሚያግደውም በመዝጋት ብቻ ሳይሆን በውጭ ያለው የአየርና የጢስ ግፊት ከውስጡ ስለሚበልጥ ነው። ግፊቱ ሲገለበጥ ጤነኛው ቀለበትም ዘይት ያሳልፋል። ስለዚህ «ማሸጊያው አልቋል» የሚለው ንግግር ብዙ ጊዜ ትክክል አይደለም፤ ያለቀ ነገር ሳይኖር ግፊቱ ብቻ ተዛብቶ ሊሆን ይችላል። በእኛ አስተያየት «የዘንግ ፋሻ» ቢባል ይሻላል። «ፋሻ» ከጣሊያን ቋንቋ ገብቶ በጋራዥ ቤት የኖረ ቃል ነው፤ ስለ ፒስተን የሚያውቅ መካኒክም አንዱን ከሌላው ጋር አነጻጽሮ ወዲያው ይረዳዋል።

ሦስተኛው ሂሳችን በ«ውሃ» ላይ ነው። የሞተር ማቀዝቀዣ ፈሳሽ «ውሃ» ተብሎ እየተጠራ ሲጐድል ውሃ ቢጨመርበት ማን ይፈረድበታል? ስሙ ያዘዘውን ፈጽሟልና። ፈሳሹ ግን ከውሃ ጋር የተቀላቀለ፣ ዝገትን የሚከላከል፣ መርጊያውን ዝቅ፣ መፍያውን ከፍ የሚያደርግ ኬሚካል ያለበት ነው፤ ቢጠጡትም መርዝ ነው። በአሰላ ከፍታ ንጹሕ ውሃ በክፍት ድስት የሚፈላው በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። የብዙ ሞተሮች ቴርሞስታት ደግሞ የሚከፈተው ከ82 እስከ 88 ዲግሪ ባለው መካከል ነው። ስለዚህ ግፊቱን ያጣና በውሃ ብቻ የተሞላ ራዲያተር በዚያ አገር ለመፍላት የሚቀሩት ዲግሪዎች በጣት የሚቈጠሩ ናቸው። ራዲያተሩን ከመገንፈል የሚጠብቁት የፈሳሹ ቅንብርና ግፊቱን የያዘው ክዳን ናቸው። በቱርቦው ቱቦ ላይ ያለች ትንሽ ማምለጫ ግፊቱን ስትለቅ የምታደርሰው ጉዳት ከምታጐድለው ፈሳሽ እጅግ ይበልጣል። ይህን ሁሉ «ውሃ» የሚለው ቃል ይሸፍነዋል። «ማቀዝቀዣ ፈሳሽ» የሚለው ሐረግ ረዘም ቢልም የሚያስተምር ስም ነው፤ «ኩላንት» የሚሉትም አይሳሳቱም፤ የሚሳሳተው «ውሃ» የሚለው ነው።

ከሂስ ወደ ማቅናት እንለፍ። አማርኛ ለርጥበት ደረጃዎች ቃል አላጣም፤ ያጣው መዝጋቢ ነው። ደስታ ተክለ ወልድ በ1962 ዓ.ም. የታተመውን «ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት» ሲያዘጋጁ የካህናቱን ብቻ ሳይሆን የአገሬውንም ንግግር መዝግበዋል። የቴክኒክ ቃላት አሰባሳቢም ያንኑ መንገድ ቢከተል ከዚህ በታች የምናቀርባቸውን በእጁ ያገኛል። እያንዳንዱን ቃል ከሚታየው ምልክትና ከሚያስከትለው ምርመራ ጋር አያይዘን አቅርበነዋል።

ወዝ፦ ዘይት በብረት ላይ ሲያብረቀርቅ የሚታይ፣ ጣት ሲነካው የሚቀባ፣ ነገር ግን ጠብታ የማይሠራ ርጥበት። በቱርቦው የአየር ቱቦ ውስጥ ጥቂት ወዝ መታየት ከሞተሩ መተንፈሻ የሚመጣ የዘይት ጉም በመሆኑ ብቻውን ብልሽት አይባልም። ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ በነበሩት ዓመታት «ወዝ አደር» የሚለውን ስም በየጋዜጣው ያነበበ አንባቢ፣ ወዝ የሥራ ምልክት እንጂ የሕመም ምልክት አለመሆኑን አይስተውም።

ላብ፦ ወዝ ለዘይት እንደሆነ ሁሉ፣ የማቀዝቀዣ ፈሳሽ በቱቦ መጋጠሚያ ላይ ሲያረጥብ የሚሰጥ ስም። በጋለ ቱርቦ ላይ ላብ ወዲያው ይተናል፤ የሚቀረው ነጭ ወይም የፈሳሹን ቀለም የያዘ ቅርፊትና ጣፋጭ ሽታ ነው።

ማዠት፦ አዲስ እንስራ ወይም ያልዳነ ቍስል እንደሚያዥ፣ ፈሳሹ ከአንድ ከታወቀ መጋጠሚያ በቀስታ ሲወጣ። የቱቦው ቡሎን ከላይና ከታች የመዳብ ሮንዴላ አለው፤ ያገለገለው ሮንዴላ ተመልሶ ሲገባ ብዙ ጊዜ ያዣል። ፈውሱ ሮንዴላ መለወጥ እንጂ ቱርቦ መለወጥ አይደለም።

ማንጠባጠብ፦ ጠብታው ሊቈጠርና ከሥሩ በተነጠፈ ካርቶን ላይ ሊለካ ሲችል።

መፍሰስ፦ ፈሳሹ ሳይቋረጥ ሲወርድ። ዘይት በዚህ መጠን ሲፈስ ሞተሩን ወዲያው ማጥፋት ግዴታ ነው፤ የጋለው የቱርቦ ቤት ዘይቱን ሊያቀጣጥለው ይችላልና።

መትፋት፦ ዘይቱ በግፊት ተገፍቶ ወደ አየሩ ቱቦ ወይም ወደ ጢሱ መውጫ በብዛት ሲወጣ። ይህ ቃል ሲነገር መመለሻው ቱቦ፣ የሞተሩ መተንፈሻና የአየር ፊልትሮው አስቀድመው መታየት አለባቸው።

መብላት፦ በውጭ ምንም ርጥበት ሳይታይ የዘይቱ ልክ ሲቀንስ፤ ዘይቱ በውስጥ እየተቃጠለ ነው ማለት ነው። ለማቀዝቀዣው ፈሳሽ የዚህ አቻ «መጕደል» ነው። የሚጐድለው ፈሳሽ በቱርቦው ስንጥቅ ወደ ጢሱ፣ ወይም በቴስታታው ጋስኬት ወደ ሞተሩ ሊገባ ይችላል። ወደ ዘይቱ የገባ እንደሆነ ዘይቱ የማኪያቶ መልክ ይይዛል። በበቆጂ ብርድ ማለዳ ሞተር ሲነሣ የሚታየው ነጭ እንፋሎት ግን ሞተሩ ሲሞቅ የሚጠፋ ከሆነ የመጕደል ማስረጃ አይሆንም።

መክሰል፦ ከአዳማ ዳገቱን ወጥቶ አሰላ የደረሰ ሾፌር ሞተሩን ወዲያው ሲያጠፋ፣ ዘይቱ መዘዋወሩን ያቆምና በጋለው ኩሽኔታ ውስጥ እንደ ከሰል ይጠቍራል። የመመለሻውም ቱቦ የሚጠበው በዚህ ነው። ከማጥፋት በፊት ሁለት ሦስት ደቂቃ ያለ ጭነት ማሠራት ይህን ይከላከላል።

ቃላቱ በዚህ አኳኋን ከተለዩ የምርመራው ቅደም ተከተል ከቃላቱ ይከተላል። አስቀድሞ ቱርቦውና ዙሪያው ይታጠባል፤ በተለወሰ ብረት ላይ ወዝን ከማዠት መለየት አይቻልምና። ቀጥሎ ሞተሩ ተነሥቶ ከሁሉ በላይ ያለው ርጥብ ቦታ ይፈለጋል፤ ፈሳሽ ቍልቍል እንጂ ሽቅብ አይሄድምና። ለማቀዝቀዣው ፈሳሽ ደግሞ ሞተሩ በቀዘቀዘበት ጊዜ በእጅ ፓምፕ ግፊት ይሰጥና የመለኪያው ቀስት መውረድ አለመውረዱ ይታያል፤ በጋለበት ጊዜ የራዲያተሩን ክዳን መክፈት ፊትን ያቃጥላል። የዘንጉ ልቅነት የሚፈተነው በመጨረሻ ነው፦ ሞተሩ ጠፍቶ ቀዝቅዞ በጣት ሲነቀነቅ ወደ ጎን ጥቂት መንቀሳቀሱ ከዘይቱ ንጣፍ ስፍራ የተነሣ የተፈጥሮው ነው፤ ወደ ውስጥና ወደ ውጭ በግልጽ ከተንቀሳቀሰ ወይም መዘውሩ የቤቱን ግድግዳ ከነካ ግን ያን ጊዜ «ቱርቦው አልቋል» ማለት ይገባል። ከዚያ በፊት አይገባም።

ሁለት ተቃውሞዎች እንደሚነሡ እንገምታለን። አንደኛው «የመኪና ቋንቋ ከውጭ የመጣ ስለሆነ እንዳለ ይቀመጥ» የሚል ነው። ለዕቃ ስም ይህን እንቀበላለን፤ «ቱርቦ»ን በግእዝ ቃል የመተካት ዐሳብ የለንም። ከጣሊያኖች ካንዴላን፣ ካምቢዮንና ፍሪሲዮንን ወስደናል፤ ማንም አልተጐዳም። ነገር ግን ስም ተበደርን እንጂ ግሥ እምብዛም አልተበደርንም። ሾፌሩ ዕቃውን በጣሊያንኛ ስም ቢጠራም ሕመሙን የሚናገረው በአፍ መፍቻው ቋንቋ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከዚሁ ይቀጥላል፦ «በአሰላ የብዙው ሰው አፍ መፍቻ ኦሮምኛ ነው፤ የአማርኛው መለየት ምን ይጠቅመዋል?» የሚል ነው። እኛ ግን በጋራዥ ሁለቱ ቋንቋዎች ጎን ለጎን እንደሚሠሩ እናያለን፤ አንዱ የሳተውን ሌላው ይወርሳል። «ውሃ» በአማርኛ ከሳተ፣ ወደ ኦሮምኛ «ቢሻን» ሆኖ ሲተላለፍ ስሕተቱም አብሮ ይሻገራል። በሰው አካል ላይ የተመሠረተ ቃል ግን ሲሻገር አይሰበርም፤ «ላብ» የሚለው በኦሮምኛ «ደፍቃ» ቢባል ያው ምስል፣ ያው ማስጠንቀቂያ ነው። ስለዚህ የምርመራ ቃላት በሁለቱም ቋንቋዎች ጎን ለጎን ቢሰበሰቡ ሥራው ይበረታል እንጂ አይደክምም።

ከዚህ የተነሣ ለወደፊቱ የቴክኒክ ቃላት አዘጋጆች ሦስት ነገር እናሳስባለን። አንደኛ፣ የእያንዳንዱ ክፍል ስም ሲመዘገብ የብልሽቱ ግሦች ከሥሩ ይመዝገቡ። ሁለተኛ፣ የብልሽት ቃል ሲፈታ መታያው፣ መውጫውና ምንጩ ለየብቻ ይጻፉ፤ እነዚህ ሦስቱ አንድ ቦታ ላይ የሚገኙት አልፎ አልፎ ብቻ ነውና። ሦስተኛ፣ ከመዝገቡ በፊት ቃሉ በጋራዥ ይፈተን፤ በሰነድ ላይ አምሮ በእጅ ሥራ ላይ የሚያሳስት ቃል ከመዝገብ መውጣት አለበት። ይህ ሲሆን የጭነት መኪናው ባለቤት ጋራዥ ገብቶ «ቱርቦው ያፈሳል» በማለት ፈንታ «ከመመለሻው ቱቦ መጋጠሚያ ዘይት ያዣል፤ ቱርቦው ገና አልተፈተነም» ይላል። መካኒኩም ከዚህ አረፍተ ነገር ተነሥቶ ቁልፉን ወዴት እንደሚያነሣ ያውቃል።